የራቁቷ ራዲያተር

«ተጎትታ አትወጣም!» አሉ እማማ። ይህን ሲሉ በመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ፣ የሚያማቸውን ጉልበት በፎጣ ጠቅልለው ተቀምጠው፣ በሞተሩ አናት ላይ አሻግረው ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። «ባሌ በገዛ እጁ የሠራት መኪና እንደ ሞተ በሬ በገመድ ተጎትታ አትወጣም። በራሷ እግር ትወጣለች፤ እኔም አብሬያት እወጣለሁ። ካልሆነ እዚሁ ነኝ፣ ግንቡን በላዬ ላይ ያፍርሱት።» መጋረጃ ሰፊዋ ልጃቸው ጎንበስ ብላ ጓዝ ስታሽግ ነበርና በጥርሷ የያዘችውን ገመድ ለቅቃ ቀና አለች። ቤቱ ተሸጧል። ገዢው ከቀትር በኋላ አፍራሽ ይዞ እንደሚመጣ በስልክም በአካልም ተናግሯል። እማማ ወደዚህችው ልጃቸው ፎቅ ቤት ሊዛወሩ ሻንጣቸው በር ሥር ቆሟል። የቀረችው መኪናዋ ብቻ ናት፤ መኪናዋ ደግሞ ያለችው ሳሎን መሃል ነው።

እንዴት ሳሎን ገባች ለሚል ሰው፣ እሷ አልገባችም፤ ሳሎኑ ነው ወደ እሷ የመጣው። ቦታው ድሮ ጋራዥ ነበር። የአውቶቡስ መካኒክ የነበሩት አባት አንዲት ያረጀች የቤት መኪና አምጥተው ጣሪያዋን ቆርጠው አሳጠሩ፣ ወገቧን ዝቅ አደረጉ፣ ከጭነት መኪና የወጣ፣ ለእሷ ፈጽሞ የማይመጥን ሞተር ገጠሙላት፤ ከዚያ ኮፈኑ አልዘጋ ቢላቸው አውልቀው ጣሉት። ሞተሩ በአደባባይ ስለተሰጣ የሰፈሩ ሰው «ራቁቷ» አላት፤ አባትም ስሙን ወደዱት። እሳቸው ሲሞቱ እማማ ዋናውን ቤት አከራዩና ቁም ሳጥናቸውን፣ አልጋቸውንና ቴሌቪዥናቸውን ይዘው ወደ ጋራዡ ገቡ። ብርዱ ሲያስቸግራቸው የጋራዡን በር አስነቅለው በብሎኬት አስደፈኑት፣ መስኮትም አወጡለት። ያን ጊዜ መኪናዋ ትውጣ ቢባል ማን እንደሚያወጣት ስምምነት ስላልነበረ እንደቆመች ግንቡ ተገነባባት። ሶፋው አርጅቶ ሲጣል የኋላ ወንበሯ ሶፋ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ይሳፈራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ወርዶ ይሄዳል።

ስምምነት የጠፋው በአጎትየው ምክንያት ነው። አጎት ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ቦታ ሲያካፍሉ እንደኖሩት ሁሉ የወንድማቸውንም መኪና በሲባጎ አካፈሏት። ከመሪው ወደፊት ያለው፣ ማለትም መሪው፣ ዳሽቦርዱ፣ ሞተሩና አፍንጫዋ ለታላቅየው ልጅ፤ ከሾፌሩ ወንበር ወደኋላ ያለው ሁሉ ለታናሽየው። «ለሴቷስ?» ብለው እማማ ሲጠይቁ አጎት ሲባጎውን እየጠቀለሉ «እሷማ ሲሄዱ ትሳፈራለች» አሉ። የተሰበሰበው ዘመድ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ታላቅየው ሞተር ሊያስነሳ ገብቶ ቢቀመጥ ታናሽየው «ከወንበሬ ተነስልኝ» አለው። ታላቅየውም ተነስቶ «አንተም መሪዬን እንዳትነካ» አለው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ወንበር አለው መሪ የለውም፣ ሌላው መሪ አለው ወንበር የለውም፣ ሁለቱም አይነጋገሩም። ታላቅየው የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ታናሽየው ፋርማሲስት ነው፤ በየሥራ ቦታቸው ሰው ተሰልፎ ምክር የሚጠይቃቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው። እናታቸው ቤት ሲገናኙ ግን በእህታቸው በኩል ካልሆነ ሰላምታ እንኳን አይለዋወጡም። እማማም እንዳያዳሉ ብለው፣ ታላቁ ሲመጣ የሻይ ብርጭቋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ታናሹ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ያስቀምጣሉ።

እና ባለፈው እሑድ ታላቅየው ሞተሩ አሁንም ይሠራ እንደሆነ ሊያይ ፈለገ። የወንድሙን ወንበር ላለመንካት ውጭ ቆሞ በመስኮት እጁን ሰደደና ቁልፉን ጠመዘዘ። ተነሳች! ሳሎኑ በጭስ ተሞላ፣ ብርጭቆዎች ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተንጫጩ፣ እማማ ከኋላ ወንበር ሆነው አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያልቅ የድሮው ራዲያተር ሲያፏጭ ቆይቶ ፈነዳ። ትኩስ የዝገት ውሃ ምንጣፉንና መጋረጃውን አለበሰው። ሰው አልተጎዳም፣ ቴሌቪዥኑም ተርፏል፤ ራዲያተሩ ግን ሲያዩት ወንፊት ሆኗል።

«ራዲያተር ይገዛላት» አሉ አሁን እማማ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። «መራጯ ደግሞ አንቺ ነሽ። እነሱ እንሂድ ካሉ ይሂዱ፣ ያንሱ፣ ይሸከሙ። መምረጥ ግን የለም።»

«እማዬ፣ እኔ ስለ ራዲያተር ምን አውቃለሁ?»

«ስለ መጋረጃስ ስትጀምሪ ምን ታውቂ ነበር?»

የመጋረጃ ቤቱን ትንሽ የዕቃ መኪና አስነስታ ወጣች። ወንድሞቿ ጠዋት ከየቤታቸው መጥተው በር ላይ ቆመው ነበርና ተከተሏት፤ ታላቅየው ከፊት ተቀመጠ፣ ታናሽየው ከኋላ የጨርቅ ጥቅልሎች መሃል ገባ። መንገዱን ሙሉ ያወሩት በእሷ በኩል ነው። «ለወንድምሽ ንገሪው፣ የአባባ መኪና የሚያምርባት መዳብ ነው።» «ንገሪው፣ መዳብ ለድስት ነው።» «ድስት የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ንገሪልኝ።» መጋረጃ ሰፊዋ መጀመሪያ መጀመሪያ ቃል በቃል ታስተላልፍ ነበር። ኋላ ላይ ማሳጠር ጀመረች። መለዋወጫ ተራው ጋ ሲደርሱ አንዱ ብዙ ተናግሮ ሲጨርስ «አልተስማማም» ብቻ ትል ነበር፤ ልዩነት አላመጣም።

የአሮጌ መለዋወጫ ተራ ማለት ረጅም የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ አንዱ በር ብቻ ይሸጣል፣ አንዱ መስታወት ብቻ ይሸጣል፣ በእሱ በኩል የሚያልፍ ሰው ራሱን ደጋግሞ እያየ ያልፋል። ራዲያተር የሚሸጠው ሰው «በራዱ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ሰው ቢሰድበው፣ ዋጋ ቢያወርድበት፣ የሸጠውን ዕቃ መልሶ እግሩ ሥር ቢወረውርለት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ራዲያተሮቹ በግድግዳው ላይ እንደ ልብስ ተሰቅለዋል። መጋረጃ ሰፊዋ ቀጫጭን ቅጠላቸውን በጣቷ ዳሰስ ስታደርግ እንደ ስስ ጨርቅ ለስለስ ብሎ ታጠፈባት፤ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። «አይዞሽ እህቴ፣ በማበጠሪያ ይቃናል» አለ በራዱ። «ሞተሩ ስንት ሊትር ነው?»

«አራት ተኩል በይው» አለ ታላቅየው፣ ከበራዱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሞ።

«አራት ተኩል» አለች።

«አራት ነው በይው» አለ ታናሽየው። «ተኩሏን የጨመሩት አባባ ናቸው፣ ለወሬ ማሳመሪያ።»

በራዱ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ነገሩ ገባው። ብዙ ቤተሰብ አይቷል መሰለኝ አልተገረመም። «ንገሪያቸው» አለ ወደ እሷ ዞሮ፣ «ራዲያተር በመልክ አይመረጥም። መጀመሪያ የሚቀመጥበት ስፋት ይለካል። ቀጥሎ ከማራገቢያው ጋር እንዳይፋተግ መሃል ላይ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይፈለጋል። ከዚያ ደግሞ አካሄዷ ይታያል። የሚሮጥ መኪና ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፤ የሚፈላው ቆሞ የሚያጉረመርመው፣ የሚያዘግመው ነው። መኪናዋ የት የት ነው የምትሄደው?»

«ለጊዜው ከሳሎን ወደ ውጭ» አለች።

«ሳሎን ውስጥ ናት?»

«አዎ።»

በራዱ ጥቂት አሰበ። «ሳሎኑ ነፋስ ያገኛል?»

ልኬቱ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ታላቅየው የራዲያተሩን ማረፊያ የለካበትን ሲባጎ ከኪሱ አወጣ። ታናሽየው የለካውን ከስልኩ ላይ አነበበ። ሁለት ጣት ያህል አይገናኙም። አንዱ ከብረቱ ውጭ ለውጭ ለክቷል፣ ሌላው ከውስጥ፤ የለካው ታናሽየው ከሆነ ደግሞ በማያገባው የፊት ግማሽ ላይ መቼ ገብቶ ለካ የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ ጥያቄውም በመጋረጃ ሰፊዋ በኩል ሄደ፣ መልሱም በእሷ በኩል መጣ። «እማዬ ተኝተው ነው በይው።» «ሌባ በይው።» «ሌባ አልልም» አለች፣ «ደክሞኛል።» በራዱ ጠበበ ያለውን ልክ ይዞ ወደ ግድግዳው ሄደ። ገዢ የለመደ ሻጭ በሁለት ልክ መካከል የሚመርጠው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ያወረደው ረጅም፣ አናቱ ክብ፣ ጠርዙ በነሐስ የተለበጠ የድሮ ራዲያተር ነው። በጨርቅ ወልወል ሲያደርገው ፊት የሚያሳይ ሆነ። ታላቅየው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አየውና ድምፁ ተለወጠ። «ይኸው» አለ፣ «ይሄ ነው የእሷ ፊት። አባባ ቢያዩት…» አልጨረሰውም። የርዕሰ መምህሩ ዓይን እንባ ሲያቀርር እህቱ አይታ ልቧ ራራና ልትገዛው እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። በራዱ ግን «አንድ ጊዜ» ብሎ ገልብጦ ሆዱን አሳያቸው፤ ብየዳ በብየዳ ላይ ተደራርቦበታል። «ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ ግሩም ነው» አለ። «ውሃ ይዞ መቆም ግን አይወድም።»

ታናሽየው ይህንን ሲጠብቅ ነበር። ጥግ ላይ የቆመውን አዲስ የአሉሚንየም ራዲያተር ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀፈው። ሰፊ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አብሮት አለ። «እንደ ማቀዝቀዣ ነው በይው! ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ሰው እኮ ነው በሞተር ሙቀት የሚቀቀለው፤ እናታችን ናቸው የሚቀመጡት!» ዋጋው ሲነገርም እጁን አላነሳም። በራዱ ልኩን አስጠጋና ራሱን ነቀነቀ። ይህኛው እንዲገባ የመኪናዋ የአፍንጫ ብረት ግራና ቀኝ መቆረጥ አለበት። «ይቆረጣ!» አለ ታናሽየው። መቆረጥ ያለበት የወንድሙ ግማሽ ነውና ምንም ቅር አላለውም። ታላቅየው ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ንገሪው» አለ ጥርሱን ነክሶ፣ «በመጀመሪያ የእሱ የኋላ ወንበር ይቆረጥና ለእኔ ማረፊያ ይሠራልኝ በይው።»

መጋረጃ ሰፊዋ በተገለበጠ የዘይት ጣሳ ላይ ቁጭ አለች። ቀትር ደርሷል። ገዢው ከነአፍራሹ መንገድ ላይ ይሆናል፤ እናቷ ሳሎን ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ ፎጣ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከልጅነቷ ጀምሮ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ስትመላለስ እንደኖረች ታወሳት፤ አንዱ ኳስ ሲነጥቅ ኳስ አስመላሽ፣ ሌላው ሲያለቅስ አባባይ፣ ሲያድጉ ደብዳቤ፣ ሲያረጁ ስልክ። ቀና ስትል ከተሰቀሉት ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ በንጹሕ ጆንያ የተሸፈነ ነገር አየች። «ያስ?» አለች።

በራዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ ተባ አለ። ጆንያውን ገፈፈ። መዳብ ነው፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ስፋቱ መካከለኛ፣ ውፍረቱ ግን የሌሎቹን እጥፍ ይሆናል። አንድም ብየዳ የለበትም። ልኩን አስጠጋ፤ ገባ። የውሃ ጎማዎቹ አፍ በየት በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ፤ ወንድማማቾቹ ያለ ክርክር አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፤ ልክ ነው። ዋጋውን ሲናገር ከሦስቱም ርካሹ ሆኖ ተገኘ። «ታዲያ ምን ነካው?» አለች።

«ምንም አልነካው። ዕድሜውን ሙሉ ቀስ ብሎ ሲሄድ የኖረ ነው፤ ሞተሩ አልጠፋ፣ መኪናው አልሮጠ፤ ለዚያ ሲባል ወፍራም ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ ቀን ፈልቶ አያውቅም። እዚህ ተቀምጦ የቀረው ከምን እንደወጣ ስናገር ሰው ስለሚሸሸኝ ነው።»

«ከምን ነው የወጣው?»

«ከአስከሬን መኪና።»

«አይሆንም!» አሉ ወንድማማቾቹ።

አንድ ላይ ነው ያሉት። ድምፃቸው አንድ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ አስተጋባ፤ በር ሻጩ ሳይቀር ዞሮ አየ። ሁለቱም በድንጋጤ ተያዩና ወዲያው አንዱ ወደ ጣሪያው፣ ሌላው ወደ ጫማው ፊቱን መለሰ። ለረጅም ጊዜ የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ይህ ነበር። ከዚያ በየተራ በእህታቸው በኩል ስምምነታቸውን ማስረዳት ጀመሩ፤ እናታችንን በቁማቸው፣ ሰው ምን ይላል፣ ነውር አይደለም ወይ። መጋረጃ ሰፊዋ ሰማቻቸው። ከዘይት ጣሳው ላይ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ለበራዱ ገንዘቡን በእጁ ሰጠችው።

«ግን ለምንድነው ለገዢ የምትናገረው?» አለችው። «ዝም ብትል ድሮ ይሸጥ ነበር።»

«ከምን እንደወጣ እያወቀ የሚወስድ ሰው ነው አልቅሶ የማይመልሰው» አለ በራዱ። ጨምሮም ሳሎን ውስጥ የቆመች መኪና አይቶ ስለማያውቅ ለግጠማው ገንዘብ እንደማይፈልግ ነግሯት መሣሪያውን ይዞ አብሯቸው ተሳፈረ። ራዲያተሩ ከባድ ነበር። ታላቅየው በአንድ በኩል፣ ታናሽየው በሌላ በኩል ይዘው፣ ሳይተያዩ፣ እንደ ወርቅ ሣጥን ተሸክመው አወጡት።

ሲመለሱ ጭቅጭቁ እናትየዋን በምን እንደሚያታልሉ ሆነ። ታላቅየው ከእሳት አደጋ መኪና የወጣ ነው እንዲባል ፈለገ፤ ክብር አለው፣ ውሃም ያስታውሳል። ታናሽየው የሙሽራ መኪና ይባል አለ። «የሙሽራ መኪና እንዲህ ወፍራም ራዲያተር ምን ያደርግለታል በይው!» «የእሳት አደጋ መኪና ቀስ ብሎ ይሄዳል እንዴ በይው!» በራዱ ከኋላ ሆኖ ራዲያተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ይሰማል።

ቤት ሲደርሱ ገዢው በር ላይ ቆሟል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ቤት ገዝቶ መኪና ውስጥ አሮጊት ስላገኘ ግራ ገብቶት ነው። አፍራሹ መዶሻውን ተደግፎ ከእማማ ጋር ቴሌቪዥን እያየ ደረሱበት። በራዱ ወደ ሳሎኑ ገባና መኪናዋን ዙሪያዋን ዞረ፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው። «አቤት!» አለ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ። ወዲያውም ወደ ሥራው ገባ። የተቀዳደደውን ራዲያተር ፈታ፣ አዲሱን አስቀመጠ፣ ከማራገቢያው ጋር ያለውን ክፍተት በመዳፉ ለካ፣ የውሃ ጎማዎቹን በማሰሪያ አጠበቀ። ታችኛውን ብሎን ለመያዝ ሁለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ታላቅየው ከላይ ያዘ። ታናሽየው በፊተኛው ግማሽ ውስጥ መብት ስለሌለው ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ከራሱ ግማሽ ሳይወጣ እጁን ብቻ አርዝሞ ከታች ያዘለት። እማማ ከመኪናዋ ሳይወርዱ ከላይ ሆነው «ቀኝ፣ ቀኝ» ይላሉ፤ የሚሉት ለቴሌቪዥኑ ኳስ ተጫዋች ነው።

ውሃው ተሞላ። ቴሌቪዥኑ ከግንቡ ሥር ተነስቶ ወደ ዕቃ መኪናዋ ተጫነ። አፍራሹ ሸሚዙን አውልቆ ግንቡን ሲመታው ግንቡ በቀላሉ ተናደ፤ ለካስ ሲገነባ ቶሎ ቶሎ ተብሎ ነው። አቧራው ሲወርድ ድንገት ቀን ሆነ። ሳሎኑ ውስጥ ፀሐይ ገብቶ የማያውቅበት ቦታ ሁሉ ፀሐይ ገባ፤ የአልጋው ሥር፣ የቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ የመኪናዋ ደብዛዛ ቀይ ቀለም። ከዚያ «ማን ይንዳት?» የሚለው ጥያቄ መጣ፤ መሪ ያለው ወንበር የለው፣ ወንበር ያለው መሪ የለው። ሁለቱም ወደ እናታቸው ዞሩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ እማማ። «ራዲያተሩን የመረጠችው ትንዳት።»

መጋረጃ ሰፊዋ ገባች። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ እግሯን ዘርግታ እንደ መተኛት ነው የተቀመጠችው፤ መሪው ቀጭንና ትልቅ ነው፣ ሁለት እጇን ስታሳርፍበት የአባቷ መዳፍ ያሻሸው ቦታ ገብ ብሎ ተሰማት። ማንም ምንም ሳይሰጣት እዚህ ላይ መድረሷ ገረማት። ታናሽየው ከኋላ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ። ታላቅየው ከፊት ጎኗ መቀመጥ ነበረበት፣ ያ ወንበር ግን የታናሽየው ነው፤ ከዕቃ መኪናዋ አንድ ጥቅል መጋረጃ አምጥቶ ወንበሩ ላይ አነጠፈና በመጋረጃው ላይ ተቀመጠ። ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር ስለተጋጨ አንገቱን ሰብሮ መሄድ ግድ ሆነበት።

ቁልፉን ልትጠመዝዝ ስትል እማማ ጠየቁ። «ራዲያተሩ ከየት መጣ?»

«ከእሳት አደጋ መኪና» አለ ታላቅየው። «ከሙሽራ መኪና» አለ ታናሽየው። በአንድ ትንፋሽ ነው። እማማ ሁለቱንም አላዩአቸውም፤ በኋላ ማሳያ መስታወቱ ውስጥ የልጃቸውን ዓይን ፈለጉ።

«ከአስከሬን መኪና ነው እማዬ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

እማማ ፎጣቸውን አስተካከሉ። «ሰው ይዞ መንገድ ላይ የቀረበት ቀን አለ?» አሉ።

«የለም» አለ በራዱ ከውጭ። «ዋስትና እሰጣለሁ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ንጂ እንጂ!»

ሞተሩ ሲነሳ ፍርስራሹ ላይ የቆሙት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው፤ በሁለት እግሯ ልትረግጠው ምንም አልቀራት። ራቁቷ ተንገጫገጨች፣ በብሎኬቱ ስብርባሪ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ሳሎኑን በኋላዋ ትታ ወደ መንገድ ወጣች። በራዱ ባዶ እግሩን አብሯት ጥቂት ሮጠ፤ ሞተሩን በጆሮው እየሰማ ነው። ከዚያ እጁን አውለብልቦ ቆመ። ጎረቤቶች ከየበራቸው ወጡ። አንዲት ሴትዮ «ከቤት ውስጥ ነው እኮ የወጣችው!» ስትል ተሰማች፤ እማማ እንደ ባለሥልጣን በመስኮት እጅ ነሱላት።

መንገድ ላይ ግን ፋታ አልነበረም። የሙቀት መለኪያው ያለው ዳሽቦርዱ ላይ ነው፤ የሚያነበው ባለቤቱ ታላቅየው ነው። ታናሽየው ከኋላ ሆኖ በየመቶ ሜትሩ «ስንት ደረሰ በይው» ይላል። «ሰባ በይው።» «አሁንስ በይው?» «ሰባ በይው፣ መለኪያ ነው፣ ሎተሪ አይደለም በይው።» መጋረጃ ሰፊዋ በአንድ በኩል ከዚህ ጋር፣ በሌላ በኩል ከማርሹ ጋር፣ ደግሞም ፎቶ ሊያነሱ ከጎኗ ከሚጠጉ መኪኖች ጋር ትታገላለች። ትልቁ አደባባይ ላይ ሲደርሱ አንድ አውቶቡስ በቀኝ መጣባት፣ ታናሽየው «ስንት ሆነ በይው» አለ፣ እሷም መሪውን በሁለት እጇ ጨምቃ «ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች። «ሁለታችሁም ዝም በሉ! እኔ እየነዳሁ ነው! ከእንግዲህ ማንም ለማንም ንገሪልኝ እንዳይለኝ። አፍ አላችሁ!»

ራቁቷ አደባባዩን ግማሽ ያህል እንደዞረች ሳል ሳል አላት፣ ነጠቅ ነጠቅ አደረጋትና መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች።

ታላቅየው እንደ ጥይት ወጣ። «ይኸው! ፈላች! አላልኩም? ነውር ነው አላልኩም?» ራዲያተሩን ሊነካ እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ አስጠጋ፤ ነካው። መሐረቡን አውልቆ በባዶ እጁ ነካው። ሞቅ ብሎታል እንጂ የመፍላት ምልክት የለውም። ተመልሶ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ዳሽቦርዱን አየ፤ የሙቀቱ መርፌ ሰባ ላይ ነው። ከጎኑ ያለው የቤንዚን መርፌ ግን ከሥር ተኝቷል። ጠዋት ሙሉ ስለ ውሃ ሲከራከሩ ቤንዚን ያሰበ ሰው አልነበረም።

መጋረጃ ሰፊዋ አፏን ልትከፍት ነበር። ግን ታላቅየው በእሷ አናት ላይ አሻግሮ በቀጥታ ወደ ኋላ ወንበር ጮኸ። «ታንከሩ ያንተ አይደለም ወይ? ታንከሩ ከኋላ ነው! አንድ ቀን ከፍተህ አይተኸዋል?»

ታናሽየው በሩን በርግዶ ወረደ። «የሚጠጣው ማን ሆነና? ሞተሩ ያንተ ነው! ባለፈው እሑድ ሳሎን ለሳሎን ስታቃጥለው የዋልከው አንተ!»

«አንተ መጥተህ አቁም ብትለኝ ኖሮ አቆም ነበር!»

«እንዴት ልበልህ? በማን በኩል?»

«በአፍህ!»

ከዚያ ተከፈተ። ከቤንዚን ተነስተው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ አጎትየው ሲባጎ፣ ከሲባጎው አባታቸው ታመው ሆስፒታል ሳሉ ማን እንዳደረና ማን እንዳላደረ፣ ማን በቀብሩ ቀን የማንን እጅ እንዳልጨበጠ። ርዕሰ መምህሩ በአደባባይ ክራቫቱን ፈታ። ፋርማሲስቱ የሞተሩን ጎን በመዳፉ ይመታል፤ የማይገባው ግማሽ ውስጥ መግባቱን ሁለቱም አላስተዋሉም። ከኋላ የተደረደሩት መኪኖች ጡሩምባቸውን ነፉ፣ ኋላም መንፋቱን ትተው አዩ። መጋረጃ ሰፊዋ እንደልማዷ ልትወርድና መሃላቸው ልትገባ የበሩን እጀታ ስትይዝ ከኋላዋ የእማማ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ተያቸው» አሉ እማማ። «እያወሩ ነው።»

እጇን ከእጀታው አነሳች። ወንድማማቾቹ አሁን ቤንዚን ማን ያምጣ በሚለው ላይ ደርሰዋል። ታናሽየው ከመኪናዋ ኋላ ጄሪካን አወጣ፤ ታላቅየው እጀታውን ያዘ፤ አንተ ስታመጣ አሳንሰህ ነው የምታመጣው፣ አንተ ደግሞ ያልሆነውን ነው የምትቀዳው ተባባሉ፤ ማንም አልለቀቀም። እንዲሁ አንዷን ባዶ ጄሪካን በሁለት በኩል ይዘው፣ በየመኪኖቹ መሃል እየተጠማዘዙ፣ እየተጨቃጨቁ ወደ ማደያው ሄዱ። ቁመታቸው እኩል ስላልሆነ ጄሪካኗ ዘመም ብላ ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታያቸዋለች። እንደዚህ ሥራ ፈትታ የተቀመጠችበትን ቀን አላስታወሰችም።

«ምን እያሉ ነው አሁን?» አሉ እማማ።

«እንጃ። አይሰማኝም።»

«መስኮቱን ዝቅ አድርጊው እስቲ» አሉ እማማ፣ ወደፊት ጠጋ ብለው። እሷም መስኮቱን እስከታች አወረደችላቸው።